የሦስት ሌሊት መልስ

ይድረስ ለአቶ ቪንሴንቲ፣ ለሆቴሉ ጌታ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ በርዶኝ ካደርኩበት ቦታ።
ስሜ ሉድቪክ ይባላል፤ ጡረታ ወጥቻለሁ፤
ፖዝናን፣ ትራም ላይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቲኬት ተቆጣጥሬአለሁ።

"መስኮቱ ባሕር ያያል" ይላል ማስታወቂያዎ፤
አይቶም ከሆነ መስኮቱ፣ ለእኔ አልነገረኝም፣ ልንገርዎ።
የእኔ ዓይን ያረፈው ከጎረቤት ግድግዳ፤
እሱም መልሶ ያየኛል፣ እንደማያውቀው እንግዳ።
ባሕሩን ያወቅሁት በሽታው ብቻ ነው፤
ይኸው እስከ ዛሬ ያስለኛል፣ ደረቴ ላይ ቀረ ቅዝቃዜው።

የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሌሊት ያቃስታል፤
ታማሚ መስሎኝ ተነሳሁ፤ ጠብ ሳይለው ይነጋል።
አሳንሰሩ ላይ ወረቀት፦ "ለአጭር ጊዜ ተበላሽቷል"፤
ወረቀቱ ራሱ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል።
ሻንጣዬን እኔ ተሸከምኩ፤
እኔን ማን እንደተሸከመኝ እንጃ።
ብርድ ልብሱ ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣
ወደ ላይ ብስበው እግሬን ይገፈኛል፤
ወደ ታች ብመልሰው ትከሻዬ ይከሰኛል።

በሦስተኛው ጠዋት ሻንጣዬን ቆልፌ፣
ደረሰኜን በእጄ ይዤ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣
ወረድኩ።
ከጠረጴዛው ጀርባ ካሊና የምትባል ልጅ
ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣለች
(እዚያም ይበርዳል ማለት ነው)።
"አራት መቶ ሰማንያ ዝሎቲ" አልኳት። "መልሺልኝ።"
መልስ ሰጠችኝ።
ገንዘቡን አይደለም። መልስ።
"ወቅቱ አልፏል" አለችኝ፤ "ማሞቂያው አርጅቷል፤
ቧንቧ ሠሪው ግዳንስክ ነው፤ የጌታዬ ስልክ ተዘግቷል።"

አቶ ቪንሴንቲ፣ ምክንያት እኔ አውቃለሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬአለሁ፦
ቲኬቱን ውሻ የበላበት፣
እናቱ ሦስት ጊዜ የሞተችበት፣
ሦስት ጊዜም ከልቡ ያለቀሰ፤
አንዱማ ጆሮውን እያሳየኝ "ደንቆሮ ነኝ" ብሎ፣
በሹክሹክታ "ውረድ" ስለው ቀድሞኝ የወረደ።
ለሁሉም መቀጫ ጻፍኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ቲኬት የሌለው ሰው ምልክት አለው፤ አይስትም፦
መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤
ቀጥሎ ባዶ መሆኑን የሚያውቀውን ኪስ ይፈትሻል።
ቀስ ብሎ። እስከ ጥጉ ድረስ።
ጊዜ ለመግዛት ነው፣ ትራሙ ፌርማታ እስኪደርስ።

ልጅቷ ፈገግ አለች።
ከዚያ ጎንበስ ብላ የገንዘቡን መሳቢያ ሳበች፣
ባዶ መሆኑን የምታውቀውን፤
በጣቷ ዳበሰች ጥጉን።
የፀጉር ማስያዣ። ባለቤት የሌለው ቁልፍ።
በወረቀት የተጠቀለለ አንዲት የሳል ከረሜላ።
"ከነሐሴ ወዲህ ደሞዝ አልገባም" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለመሳቢያው።
እኔም ሳልኩ። ከረሜላዋን ሰጠችኝ።
በላሁት። የዝንጅብል ነበር።

ሰው እንዳይመስልዎት የራራ፤
ራርቼ አላውቅም፣ ደንብ ነው የእኔ ሥራ።
ገንዘቤን እፈልጋለሁ።
ለሁለታችን መክፈል ካቃተዎ ግን ከእሷ ይጀምሩ፤
እኔ ጡረታ አለኝ፣ ትንሽ ብትሆንም፣
ቆሜ መጠበቅም ለምጃለሁ፤ ትራም ላይ ማን ተቀምጦ ያውቃል?
የእኔ ሂሳብ አራት መቶ ሰባ ዘጠኝ ዝሎቲ ከሃምሳ ግሮሽ ነው፤
የከረሜላውን ቀንሼ።

ስሰናበት ለማስታወሻ የሰጡኝ የመቀጫ ደብተር
አንድ ንጹሕ ቅጠል ቀርቶት ከካፖርቴ ኪስ ነበር፤
ይህን የጻፍኩት በጀርባው ነው።
ገልብጠው ይዩት፤ "የተሳፋሪው ስም" ይላል፤
የእርስዎን ሞልቻለሁ።
የሚከፍሉበት ዐሥራ አራት ቀን አለዎት።
ከዚያ ወዲያ እጥፍ ነው።
ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።